በጋሽ ታደለ ባልዲ ቀናሁ

ሰው በሰው መኪና ሲቀና አይቻለሁ። በሰው ሚስት፣ በሰው ሥልጣን፣ በሰው ፀጉር ሲቀናም አይቻለሁ። በፀጉርስ እኔም ቀንቼ አውቃለሁ፤ የመታወቂያ ፎቶዬን ያየ ሰው ይፈርድልኛል። በአፈር የቀና ሰው ግን ከራሴ ሌላ እስካሁን አላጋጠመኝም። በመሬት ማለቴ አይደለም፤ በመሬትማ የማይቀና የከተማ ሰው የለም። እኔ የቀናሁት የቀለም ባልዲ ውስጥ በተሞላ፣ ምንም ነገር ባልበቀለበት እርጥብ አፈር ነው።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። የምንኖረው ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም፣ ግራውንድ ላይ ነው። ግራውንድ ላይ የሚኖር ሰው የላይኞቹን የልብስ ጠብታ፣ የወደቀ መቆንጠጫና የምንጣፍ አቧራ ችሎ ስለሚኖር፣ በምትኩ ከበሩ ፊት ያለችውን ጭብጥ የምታህል መሬት ማንም አይከለክለውም። እኔ በዚያች መሬት ላይ ጽጌረዳ፣ ቡገንቪላና ነጭ ካላ ተክዬ ብሎኩን አሳምሬ ነበር። በሠርግ ቀን ሙሽሮች ወደ መኪናቸው ከመግባታቸው በፊት ፎቶ የሚነሱት ከኔ ጽጌረዳ አጠገብ ነው። የኮሚቴያችን ሰብሳቢ እትዬ አስካለ በየስብሰባው ጣታቸውን ወደ እኔ ቀስረው «እስቲ ሁላችሁም እንደሱ ሁኑ!» ይሉ ነበር። እኔም አንገቴን ደፍቼ ትሑት መሳይ ፊት እሠራ ነበር። በቃ፣ የብሎኩ የአበባ ሰው እኔ ነበርኩ።

ከዚያ ጋሽ ታደለ ከፊት ለፊታችን ገቡ።

ጋሽ ታደለ ጡረታ የወጡ የካርታ ባለሙያ ናቸው። ልጆቻቸውን ድረው ብቻቸውን ይኖራሉ። የተማሩት ቡልጋሪያ ነው። እዚህ ያለው የታክሲ ማዞሪያው ሳይሆን አገሩ። ዕቃቸውን ባስገቡ በሳምንቱ አንድ የቀለም ባልዲ በራቸው ላይ አስቀመጡ። ባልዲው ውስጥ አፈር፣ አፈሩ ላይ እንጨት፣ እንጨቱ ላይ ካርቶን፣ ካርቶኑ ላይ ደግሞ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ፦ «ተኝታለች። አትቀስቅሷት።»

«ማን ናት የተኛችው?» አልኳቸው፣ ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ።

«ፒዮኒ» አሉኝ፤ የሴት ልጃቸውን ስም እንደሚጠራ ሰው። «ያውም የዱሯ። ተማሪ ሆኜ ተራራ ላይ አይቻት ነበር። አበባዋ የሾርባ ሳህን ያክላል፤ ቀይ ነው፣ እንዴት ያለ ቀይ መሰለህ! እዚያ የቀረ የክፍል ጓደኛዬ ነው ዘሯን የላከልኝ።»

«መቼ ትበቅላለች?»

«እንጃ። ከዘር ስትመጣ ችግረኛ ናት። መጀመሪያ ሙቀት ትፈልጋለች፣ ሥሯን ታወጣለች። ከዚያ ክረምት መጣ ብላ እንድታምን ብርድ ትፈልጋለች። የኛ አገር ብርድ ደግሞ አያሳምናትም። እና ፍሪጅ ውስጥ ከርማ ነው የመጣችው። አሁን እንግዲህ ደስ ሲላት ትነሳለች።»

ደስ ካላላትስ ብዬ አልጠየቅኩም። ነውር ነው። በሆዴ ግን፣ እኚህ ሽማግሌ ብቸኝነት ጎድቷቸዋል ብዬ አዘንኩላቸው። ያ ሐዘኔ የቆየው እስከ ቅዳሜ ድረስ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ጽጌረዳዬን ውሃ ላጠጣ ስወጣ ባልዲውን ሰው ከቦታል። የሦስተኛ ፎቅ ሰዎች ወርደዋል። በሕይወቷ ሰላም ብላኝ የማታውቅ የአራተኛ ፎቅ ሴትዮ አፈሩን በስልኳ ታነሳለች። እትዬ አስካለ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ አራስ ቤት የገቡ ይመስል በሹክሹክታ «ትሰማለች እንዴ?» ይላሉ። ጋሽ ታደለ ደግሞ «ድምፅ እንኳ አይረብሻትም፤ እናንተ ግን ብታከብሯት ደስ ይለኛል» አሉ። አከበሯት! ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰዎች በዚያ በር ሲያልፉ ቀስ ብለው መርገጥ ጀመሩ። ልጆች ኳሳቸውን ወደ ማዶ ወሰዱ። እትዬ አስካለ ባልዲውን በደንብ ለማየት ወደ ኋላ ሲያፈገፍጉ ነጠላቸው በጽጌረዳዬ ተያዘ። እንዲህ አሉ፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፦

«ወይ ጉድ፣ ይሄ እሾህ ደግሞ መተላለፊያ ዘጋ!»

እሾህ! ጽጌረዳዬ በዚያን ጊዜ ከላይ እስከ ታች አብባ ነበር። ማለቴ፣ ሰው ያበበውን ትቶ ያልበቀለውን ሲያደንቅ ምን ይባላል? ባለቤቴን ሰናይትን አማከርኳት። ትረዳኛለች ብዬ ነበር።

«ትዕግሥታቸው ግን ደስ አይልም?» አለችኝ።

«የምን ትዕግሥት?»

«ዝም ብሎ መጠበቅ። ሳይጨቀጭቁ።»

«እኔስ? አንቺ እሺ እስክትይኝ ስንት ወር ጠበቅኩ?»

«አንተማ በየቀኑ ትደውል ነበር።»

ያን ጊዜ ወሰንኩ። ፒዮኒ አበቅላለሁ። ከሳቸው ቀድሜ አበቅላለሁ።

ጋሽ ታደለን ዘር ስጡኝ ማለት ሞት ነው። ደግነቱ፣ ካዛንቺስ ያለው ቢሯችን ውስጥ የምትሠራ ባልደረባዬ፣ እህቷ የበረራ አስተናጋጅ ናት። ባልደረባዬን ምሳ እየጋበዝኩ፣ ሻይ እያጠጣሁ፣ አለባበሷን እያደነቅኩ ሰነበትኩ። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ሌላ ነገር መወራት ሲጀምር እውነቱን ነገርኳት። ከት ብላ ሳቀች፤ እህቷ ግን ውጭ አገር ከምታውቃቸው ሰዎች ግቢ ለቅማ፣ በሶፍት ጠቅልላ አመጣችልኝ።

ጥቅልሉን ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ፈታሁት። የደረቀው ፍሬ ተሰንጥቆ ውስጡ ሁለት ዓይነት ዘር አለ። አንደኛው ጥቁር፣ ወፍራም፣ ፈዛዛ፤ የፍየል በጠጥ ብትሉት አላጋነናችሁም። ሁለተኛው ቀይ፣ የሚያብለጨልጭ፣ ለጆሮ ጌጥ የሚሆን። እኔ እንግዲህ ዓይን ያለኝ ሰው ነኝ። ቀያዮቹን አንድ በአንድ መርጬ በእርጥብ አሸዋ ጠቀለልኩ፤ ጥቁሮቹን «እነዚህ ተበላሽተዋል» ብዬ ከሽንኩርት ልጣጭ ጋር ወደ ቆሻሻ ላክኳቸው። ሰናይት ቆማ አይታኛለች።

ስለ አበቃቀሉ ደግሞ በስልኬ አንድ ጽሑፍ አገኘሁ። ከሥራ ስመለስ ታክሲው መስቀል አደባባይ ላይ መንገድ ተዘግቶበት በቆመበት ማንበብ ጀመርኩ። ብርድ ያስፈልጋል የሚለው ጋ ስደርስ መንገዱ ተከፈተ፤ እኔም ንባቤን ዘጋሁ። የገባኝ ፍሪጅ የሚለው ነው። ስለ ሙቀቱ ጋሽ ታደለ የነገሩኝን ረስቼው ሳይሆን፣ እሳቸውን ለመቅደም አንዱን ደረጃ መዝለል ጥሩ ስልት መስሎኝ ነው።

«ፍሪጅ ውስጥ አሸዋ ምን ይሠራል?» አለች ሰናይት በማግስቱ።

«ዘር ነው። ክረምት መስሏት ትተኛለች።»

«ቅቤው አጠገብ?»

«እዚያ ጋ ነው ደህና የሚቀዘቅዘው።»

አሸዋው ትንሽ ፈሰሰ። ብዙ አይደለም፤ ግን እሁድ የመጡት አማቴ ምሳ ሲበሉ አንድ ነገር ጥርሳቸው ሥር ቀጭ አለ። ለልጃቸው በዓይናቸው የሆነ ነገር አሏት። ልጃቸው ደግሞ ማታውኑ ለእኔ በአፏ አለችኝ።

ቀጥሎ መብራት ጠፋ። የጠፋው ለሰፈሩ ሁሉ ነው፤ የተሰቃየሁት ግን እኔ ብቻ ነኝ። በሁለተኛው ቀን አሸዋዬን በጃኬቴ ጠቅልዬ ባምቢስ አካባቢ ጄኔሬተር ያለው ሱቅ ይዤ ሄድኩ። ባለሱቁን ከለስላሳዎቹ ጎን እንዲያስቀምጥልኝ ለመንኩት።

«መድኃኒት ነው?» አለኝ።

«እንደዚያ በለው።»

«የማን?»

«የኔ።»

ፊቴን ትኩር ብሎ አየኝና እግዜር ይማርህ ብሎ ተቀበለኝ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ሱቅ ባለፍኩ ቁጥር ሰውየው ጤንነቴን ይጠይቀኛል።

ክረምቱ በቃት ባልኩ ጊዜ ከጋሽ ታደለ የሚበልጥ ባልዲ አመጣሁ። አፈር ከየትም ከየትም አጠራቅሜ፣ የወጥ ቤት ልጣጭና ትራፊ ጨምሬ ዘራሁ። ካርቶንም አቆምኩ፦ «ይቺም ተኝታለች።» የአራተኛ ፎቋ ሴትዮ አንብባ ሳቀች። ፎቶ ግን አላነሳችም።

ነገር ግን እግዜር ለቅናተኛም አንዳንዴ ይደርሳል። ብዙም ሳይቆይ አንድ ጠዋት ብወጣ፣ የጋሽ ታደለ ባልዲ እንደተኛ ነው፤ የኔ ነቅቷል! ሁለት ወፋፍራም አረንጓዴ ቅጠሎች አፈሩን ገፍተው ወጥተዋል። እንዴት እንደጮህኩ አላውቅም። ሁለተኛ ፎቅ ድረስ መስኮት ተከፈተ። እትዬ አስካለን ጠራሁ፣ ጥበቃውን ጠራሁ፣ ዓሥር ዓመት ያኮረፍኩትን ጎረቤት ሳይቀር ጠራሁ። ጋሽ ታደለም መጡ። መነጽራቸውን አውጥተው ጎንበስ አሉ፤ ረዘም ላለ ጊዜ አዩ። ከዚያ ቀና ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

«በርታ» አሉኝ።

ይሄኔ ነው መጠርጠር የነበረብኝ። የተሸነፈ ሰው በርታ አይልም።

«ይሄ ዱባ ነው» አለች ሰናይት፣ በሩ ላይ ቆማ።

«የዱር ፒዮኒ ነው።»

«ዱባ ነው። ባለፈው የጣልኩት ፍሬ ነው፣ ከነልጣጩ አፈሩ ውስጥ ጨምረኸው።»

አላመንኩም። በሳምንት ውስጥ ሐረግ አወጣ፤ «የዱር ስለሆነች ነው የምትሳበው» አልኩ። የጽጌረዳዬን አንገት አንቆ ወደ አንደኛ ፎቅ በረንዳ ወጣ፤ «ተራራ የለመደች ናት» አልኩ። ቢጫ አበባ ሲያወጣ ዝም አልኩ። ዱባው ሲደርስ እትዬ አስካለ ቆርጠው ወስደው ወጥ ሠሩበት። አንድ ሳህን ላኩልን። ይጣፍጥ ነበር፤ በዚህም ተናደድኩ።

እንዲህ አንጀቴ እያረረ ሳለ ጋሽ ታደለ ታመሙ። የሐሞት ጠጠር ነው፣ ኦፕራሲዮን ያስፈልጋል ተባሉ። ሆስፒታል ከመግባታቸው በፊት በሬን አንኳኩ። ፊታቸው ገርጥቷል፤ በእጃቸው ትንሽ የውሃ ማጠጫ ይዘዋል።

«እሷን ላንተ ልተዋት ነው» አሉኝ።

«ለኔ?»

«ከዚህ ብሎክ አበባ የሚገባው አንተ ብቻ ነህ። ሌሎቹ ያወራሉ እንጂ ውሃ እንኳ ያበዙባታል። አፈሩን በጣትህ ንካው፤ ሲደርቅ ብቻ ትንሽ።»

ምን ልበላችሁ! ከዚያ ሁሉ ወራት በኋላ የብሎኩ የአበባ ሰው መሆኔን የመሰከሩልኝ እሳቸው ሆኑ። ዓይኔ እንባ አቀረረ። «አይዞዎት ጋሼ» አልኩ። በሩ እንደተዘጋ ግን ሌላ ሐሳብ መጣብኝ፤ አሁን ባልዲው በእጄ ነው።

መጥፎ ሰው አይደለሁም። ባልዲውን አልደፋሁትም፣ ጨው አልጨመርኩበትም። ያደረግኩት ነገር ቢኖር በየጠዋቱ ከጎኑ ቁጭ ብዬ «አትቸኩዪ፤ ማንም አይጠብቅሽም» እያልኩ በለሆሳስ መምከር ነው። እሷ ግን ምክሬን አልሰማችም። ጋሽ ታደለ ሆስፒታል በገቡ በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ አፈሩን በጣቴ ልነካ ጎንበስ ስል፣ ከመሬቱ አንድ ነገር ብቅ ብሏል። ቀይ ነው፣ ወደ ወይን ጠጅ የሚሄድ፤ አንገቱን ደፍቶ፣ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው ጎንበስ ብሎ የወጣ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ትንፋሼ እንዳይነካት አፌን በእጄ ያዝኩ።

ወዲያው ደግሞ፣ እንዴት ለሳቸው ወጣች ብዬ በገንኩ።

ሲኒ ደፋሁባት። ለጊዜው ነው፣ ወፍ እንዳይነካት ብዬ ነው። እሺ፣ ሰው እንዳያያት ብዬም ነው። ያን ቀን ሙሉ ቢሮ ተቀምጬ የማስበው ሲኒውን ነው። ለማንም አልተናገርኩም፤ ለሰናይት እንኳ።

በማግስቱ ጋሽ ታደለን ልንጠይቅ ሆስፒታል ሄድን። ኦፕራሲዮኑ የሚቀጥለው ቀን ነው። ክፍሉ ውስጥ ብሎኩ በሙሉ አለ። ጭማቂው፣ ሙዙ፣ አጥሚቱ መቀመጫ አሳጥቶናል። እኔ ባለፈው ዓመት ታይፎይድ ይዞኝ ስተኛ የጠየቀኝ ጥበቃው ብቻ ነበር፤ እሱም የውሃ ክፍያ ሊጠይቀኝ ነው የመጣው። ሐሞቴ ጤነኛ በመሆኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ቅር አለኝ።

ጋሽ ታደለ ትራስ ተደግፈዋል። ከስተዋል፤ ድምፃቸው ተዳክሟል። እኔን ሲያዩ ግን አንገታቸውን ቀና አደረጉ።

«እሷስ?» አሉ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። እኔ «እንደተኛች ናት» ልል ተዘጋጅቻለሁ። በመንገድ ላይ በሆዴ ተለማምጄዋለሁ። ግን እጃቸውን አየሁት፤ ግሉኮስ የተሰካበት እጃቸው አንሶላውን ጨምድዶ ይዟል። የፈሩት ነገር ኦፕራሲዮኑ ይሁን የኔ መልስ አላወቅኩም።

«ተነስታለች፣ ጋሼ» አልኩ።

«ምን አልክ?»

«ወጥታለች። ትናንት ጠዋት።»

«ቀለሟ?»

«ቀይ ናት። ወይን ጠጅ ይመስላል። ጎንበስ ብላ ነው የወጣችው።»

«አንገቷን ደፍታ?»

«አንገቷን ደፍታ።»

«እሷ ናት!» ብለው ተነሥተው ቁጭ አሉ። ጎናቸው ያለው ማሽን ጮኸ፣ ነርሷ እየሮጠች መጣች፣ እትዬ አስካለ እልል አሉ፣ ነርሷ እትዬ አስካለን ተቆጣች። ጋሽ ታደለ እያለቀሱ ይስቃሉ፤ ሲስቁ ያማቸዋል፤ ሲያማቸው ጎናቸውን ይዘው ደግመው ይስቃሉ።

ነገሩ በረድ ሲል እትዬ አስካለ «እኛም ዘር እናምጣ እንጂ!» አሉ።

«ካገኛችሁ ጥቁሩን ምረጡ» አሉ ጋሽ ታደለ፣ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ዘሩ ጥቁሩ ነው። ቀዩ ውስጡ ባዶ ነው፤ ወፍ ለመጥራት ያምራል እንጂ ምንም አያበቅልም።»

ሰናይት ቀስ ብላ ዞራ አየችኝ። እኔ የግሉኮሱን ጠብታ በትኩረት መከታተል ጀመርኩ።

ኦፕራሲዮኑ በሰላም አለቀ። ጋሽ ታደለ አገግመው እስኪመለሱ የነበሩት ሳምንታት ደግሞ፣ ምን ልደብቃችሁ፣ የሕይወቴ ምርጥ ሳምንታት ነበሩ። ሲኒውን አነሳሁ። ሰው ጎረፈ። ከጎረቤት ብሎክ ሁሉ መጡ። እኔ ከባልዲው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጬ አስረዳለሁ፦ «ከዘር ስትመጣ ችግረኛ ናት። መጀመሪያ ሙቀት፣ ከዚያ ብርድ።» የአራተኛ ፎቋ ሴትዮ ፎቶ አነሳችን፤ እኔንና ችግኟን አንድ ላይ። ሁለተኛዋ ችግኝ፣ ትንሿ፣ ከጎኗ ብቅ ስትል የምስራቹን የተናገርኩት እኔ ነኝ። አንድ ሰውዬ «የርስዎ ናት?» ሲለኝ «የኛ ናት» አልኩት። ውሸት አይደለም።

ጋሽ ታደለ በከዘራ ተደግፈው የተመለሱ ቀን፣ ሰው ሁሉ ወደሳቸው ዞረ። በርጩማዬ ላይ ብቻዬን ቀረሁ። እሳቸው ግን ሰውን አልፈው መጡና ባልዲውን አዩ፤ ብዙ ቆዩ።

«አንዷን ምረጥ» አሉኝ።

«ጋሼ?»

«ሁለት ናቸው አይደል? አንዷ ያንተ ናት። ጠንከር ሲሉ እንለያቸዋለን። ምረጥ።»

ሌላ ሰው ቢሆን ትንሿን ይመርጥ ነበር፤ ለይሉኝታ። እኔ ዓይኔን ሳላሽ ትልቋን አልኩ። ሰናይት በኀፍረት ወደ ቤት ገባች።

እና ምን ሆነ መሰላችሁ? ትልቋ የኔ ባልዲ ውስጥ ገብታ ቀጥ አለች። አልሞተችም፣ አላደገችም፤ ዝም ብላ ታየኛለች። ትንሿ ደግሞ የተሰነጣጠቀ፣ ጥልፍ የመሰለ ቅጠል ዘረጋች። ጋሽ ታደለ በየጠዋቱ «ያንተዋ እንዴት አደረች?» ይሉኛል፣ ከልባቸው። እኔም «ደህና ናት፣ ሥር እያወጣች ነው» እላለሁ።

አንድ ጠዋት አብረን ቁጭ ብለን ሳለ አበባው መቼ እንደሚመጣ ጠየቅኳቸው።

«አራት፣ አምስት ዓመት» አሉ። ችግኞቹን እያዩ ደግሞ «እኔ ላልደርስ እችላለሁ። ያን ጊዜ ሁለቱንም አንተ ታያቸዋለህ» አሉኝ።

እንዲህ ሲባል ሰው ሆዱ ይባባል። እኔ ደሜ ፈላ።

«ምን ማለትዎ ነው? ይደርሳሉ!»

«እሱ ያውቃል፣ ልጄ።»

«እሱማ ያውቃል፤ እርስዎም ይወቁ!»

ከዚያን ቀን ጀምሮ እረፍት የለኝም። ቅባት እንዳይበሉ ምሳቸውን እቆጣጠራለሁ። እትዬ አስካለ የላኩላቸውን ጥብስ ከበር መልሻለሁ። እሁድ እሁድ እየጎተትኩ መስቀል አደባባይ ወስጄ በእግር አስኬዳቸዋለሁ፤ ደረጃው ላይ የሚሮጡትን ወጣቶች እያሳየሁ አሳፍራቸዋለሁ።

«ወደድካቸው ማለት ነው» አለችኝ ሰናይት።

«ምን መውደድ አመጣሽ! የኔ ቀድማ ስታብብ ቆመው ማየት አለባቸው። እሳቸው ከሌሉ ማንን ነው የማሸንፈው?»

ዛሬ ጠዋት የሳቸዋ ሌላ ቅጠል አውጥታለች። መድኃኒታቸውን መዋጣቸውን ጠየቅኩ፣ ሹራብ ደርቡ ብዬ ተቆጣሁ፣ ቅጠሏን አንድ ጊዜ ደግሜ አየሁና በቅናት አንጀቴ እየተቃጠለ ወደ ሥራ ሄድኩ።